ከካርብሬተሩ ጎን ያለችው ጥቁር ጠርሙስ

ባለፈው ጥቅምት አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዲቲ የምትባለውን የያማሃ ሞተር ሳይክሉን አይሱዙ ላይ አስጭኖ ደብረ ማርቆስ ያለችው ጋራዤ ድረስ መጣ። ገና ሳናወርዳት «ወንድምዓለም፣ ይቺ ሞተር ደጋ ላይ ደህና ናት፣ ቆላ ስወርድ ግን ትከዳኛለች» አለኝ። ለክትባት ሥራ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ላይ የነዳጅ እጀታውን ለቅቆት እንኳ ሞተሩ ይጮኻል፣ ሲመለስ ዳገቱ ላይ ጉልበት ያጣል፣ በመጨረሻም አንድ ቀን ዳገቱ መሀል ፒስተኑ ነከሰ። ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ቀጥ አለ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ አሠርቷታል። አንደኛው አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን ካርብሬተር አጥቦ፣ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ቀየረለት። ሁለተኛው ከካርብሬተሩ ጎን ያለችውን ጥቁር የፕላስቲክ ጠርሙስ እያሳየ «ቱርቦዋ ደክሟል» አለውና እሷን አውልቆ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ገጠመለት። ገንዘቡንም ተቀበለ።

ስለዚች ጠርሙስ ልጻፍ ያልኩት ለዚህ ነው። ብዙ ሰው አያውቃትም። አውቃታለሁ የሚለውም አብዛኛው ቱርቦ ትመስለዋለች። በዚህ የተነሳ ሳያስፈልግ የሚፈታው ሞተር፣ ሳያስፈልግ የሚገዛው ፒስተን ያሳዝነኛል። የዲቲ ፒስተን ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የገዛው ያውቀዋል።

ጠርሙሷ ያለችው አንዳንድ ባለ ሁለት ስትሮክ፣ ማለትም ዘይትና ቤንዚን አብረው የሚያቃጥሉ፣ ያማሃዎች ላይ ነው። አሁን ከተማው ውስጥ የሚበዙት ባለ አራት ስትሮክ ሞተር ሳይክሎች ላይ የለችም፣ አትፈልጓት። ያማሃ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ሲያወጣት «ያማሃ ኢነርጂ ኢንዳክሽን ሲስተም» ብሎ ሰየማት፣ በአጭሩ ዋይ ኢ አይ ኤስ። ሰው ደግሞ «ቡስት ቦትል» ይላታል። የሚያሳስተው «ቡስት» የሚለው ቃል ነው። ቱርቦ ማለት አየርን በሚሽከረከር ፋን ጨምቆ ሞተር ውስጥ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። ይቺ ውስጧ ባዶ ነው። ፋን የላት፣ ሞላ የላት፣ ቫልቭ የላት። አንድ አፍ አላት፣ አፏ ላይ አንድ የጎማ ቱቦ አለ፣ አለቀ። የቱቦው ሌላው ጫፍ ካርብሬተሩን ከሲሊንደሩ የሚያገናኘው የማኒፎልድ ጎማ ላይ ይሰካል።

ባዶ ጠርሙስ ታዲያ ምን ይሠራል?

ከካርብሬተሩ ቀጥሎ ሪድ የሚባል በር አለ። ስስ ስስ ቅጠሎች ናቸው። ሞተሩ ሲስብ ይከፈታሉ፣ ወደ ኋላ ሲገፋ ይዘጋሉ። ሞተሩ በደቂቃ 3 ሺህ ጊዜ ሲዞር ይህ በር በሰከንድ 50 ጊዜ ይከፈታል፣ 50 ጊዜ ይዘጋል። አሁን አስቡት፣ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ በፍጥነት እየነጎደ እያለ በሩ ድርግም ብሎ ይዘጋበታል። ነገር በፍጥነት ሲሄድ ቁም ስላሉት አይቆምም። በሩ ላይ ተጋጭቶ ወደ ካርብሬተሩ ይመለሳል። በሩ እንደገና ሲከፈት ደግሞ ድብልቁ ከቆመበት መነሳት አለበት። ይህ በሰከንድ 50 ጊዜ ነው የሚደጋገመው።

መርዓዊ አካባቢ የቆጋን መስኖ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ዋናው ቦይ ሌሊትም ውሃ ያመጣል፣ ገበሬው ግን በሌሊት አያጠጣም። ስለዚህ የሌሊቱን ውሃ የሚይዙ ኩሬዎች ተሠርተዋል። ማታ ውሃው እዚያ ይጠራቀማል፣ ቀን ማሳው ሲከፈት ከቦዩ ጋር ተደምሮ ይወርዳል። ጠርሙሷ ያቺ ኩሬ ናት። ሪዱ ሲዘጋ የሚገፋው ድብልቅ በቱቦው በኩል እሷ ውስጥ ይገባል። ሪዱ ሲከፈት ተመልሶ ይወጣና ከካርብሬተሩ ከሚመጣው ጋር ይገባል። ካርብሬተሩ ውስጥ የሚያልፈው አየር ብዙም አይቆራረጥም ማለት ነው፣ ስለዚህ ቤንዚኑንም በልኩ ይሰጣል። ጥቅሟ የሚታየው በዝቅተኛና በመካከለኛ ዙር ነው፣ ማለትም ጭነት ይዛችሁ ኮረት መንገድ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ስትሄዱ። ሞተሩ በጣም ሲጮህ እምብዛም አትታወቅም።

«ትልቅ ጠርሙስ ብገጥምስ፣ ጉልበቷ ይጨምራል?» የሚለኝ አይጠፋም። አይጨምርም። የጠርሙሷ ስፋት፣ የቱቦው ርዝመትና ውፍረት ተለክተው የተሠሩት ለአንድ ሞተር፣ ለተወሰነ ዙር ነው። ኩሬውን ስላሰፋችሁ ወንዙ አይበዛም።

አሁን ወደ ብልሽቱ ልምጣ። ጠርሙሷ ራሷ አትደክምም። የሚደክመው ጎማው ነው። ቱቦው ከአንድ ወገን በሞተር ሙቀት፣ ከሌላ ወገን በፀሐይ እየበሰለ፣ ውስጡን ቤንዚን እየነካው ዓመታት ይቆያል። ይደርቃል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ቱቦ ጠርሙሷን ሥራ ከማስፈታት የባሰ ነገር ያደርጋል። ሞተሩ በሳበ ቁጥር በስንጥቁ በኩል ተጨማሪ አየር ይገባል። ያ አየር በካርብሬተሩ አላለፈም፣ ስለዚህ ቤንዚን አልያዘም። በፊልትሮውም አላለፈም፣ ስለዚህ የመንገዱን አቧራ ይዞ ነው የሚገባው። አየሩ በዛ፣ ቤንዚኑ አነሰ። ቤንዚን ደግሞ እዚህ ሞተር ውስጥ ማቀጣጠያ ብቻ አይደለም፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ያቀዘቅዛልም። ሲያንስ ፒስተኑ ይግላል፣ ይፋፋል፣ ሲሊንደሩን ይነክሳል።

ምልክቱ ይታወቃል። እጀታውን ስትለቁ ሞተሩ ቶሎ አይወርድም፣ ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል። ሚኒሞውን፣ ማለትም እጀታው ሲለቀቅ የሚቀረውን ዙር፣ ብታስተካክሉትም አንድ ቀን ይጮኻል፣ በሌላው ቀን ይጠፋል። ሞተሩ ሞቆ እያለ እንኳ ቾክ (አየር ቀንሶ ቤንዚን የሚያበዛው) ካልተሳበ ደህና አይሠራም። ከቆመበት ነዳጅ ስትሰጡት መጀመሪያ ድክም ይላል፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። ካንዴላው ሲፈታ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ጤነኛ ካንዴላ ደህና ተቆልቶ ገና ያላረረ ቡና ይመስላል። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ተቃራኒው ነው፣ ቤንዚን በዝቷል፣ ያኔ ፊልትሮውን ተመልከቱ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን የእኛ አገር መልክዐ ምድር አንድ የሚያሳስት ነገር ይጨምርበታል። ያ የእንስሳት ጤና ባለሙያ «ደጋ ላይ ደህና ናት» ያለው ነገር እውነት ነበር።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርብሬተር ደግሞ ይህን አያውቅም። ፋብሪካው ለዝቅተኛ ቦታ አስተካክሎት ከመጣ እዚህ የሚሰጠው ቤንዚን ለሳሳው አየር ይበዛል። ስለዚህ ደጋ ላይ ጤነኛ ዲቲ ትንሽ ጢስ ይበዛባታል፣ ትንሽ ትከብዳለች። አሁን ቱቦው ላይ ትንሽ ስንጥቅ ጨምሩበት። በስንጥቁ የሚገባው አየር የበዛውን ቤንዚን ያካክሰዋል። ሞተሩ ቀለል ይላል፣ ጢሱም ይቀንሳል። ባለቤቱ «ኧረ ሰሞኑን እንዴት ደህና ሆናለች» ይላል። አንዱ ብልሽት ሌላውን ሸፍኖለት ነው።

ከዚያ ወደ ደጀን ይሄዳል። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1 ሺህ 300 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። በወረደ ቁጥር አየሩ ይወፍራል። ደጋ ላይ የነበረው ትርፍ ቤንዚን አሁን ትርፍ አይደለም፣ ስንጥቁ ግን አብሮት ወርዷል። ሽፋኑ ተነሳ። በዚያ ላይ የበረሃው ሙቀት አለ። በዚያ ላይ ደግሞ በረጅም ቁልቁለት እጀታ ዘግቶ መውረድ አለ፣ ይህ ለባለ ሁለት ስትሮክ በጣም ክፉ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ዘይቱ የሚገባው ወይ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው ወይ የእጀታውን አከፋፈት ተከትሎ በፓምፕ ነው፣ እጀታው ሲዘጋ ዙሩ እንዳለ ሆኖ ዘይቱ ያንሳል። ስለዚህ ስትወርዱ አሁንም አሁንም ፍሪሲዮን (ክላች) ይዛችሁ ትንሽ ነዳጅ ስጡት። ከድልድዩ በኋላ ዳገት ይመጣል፣ ሙሉ ጭነት፣ ዝቅተኛ ፍጥነት፣ የሚያቀዘቅዝ ነፋስም የለም። ፒስተኑ የሚነክሰው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው «የዓባይ ሙቀት ነው የገደላት» ይላል። ሙቀቱ ብቻውን አልገደላትም። ደብረ ማርቆስ ላይ ታማ ነበር የተነሳችው።

እና እንዴት ነው የሚፈተሸው?

መጀመሪያ ምንም አትፍቱ። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ታንኩን አንሱና ቱቦውን በጣታችሁ እጠፉት። ማየት ብቻ አይበቃም። የደረቀ ጎማ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ደህና ይመስላል፣ ሲታጠፍ ነው አፉን የሚከፍተው። በተለይ ሁለቱን ጫፎች። ፋሸታዎቹን፣ ማለትም ቱቦውን የሚያስሩትን ቀለበቶች፣ አላሉና ቱቦውን ትንሽ ሳብ አድርጉት፣ ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ ፋሸታው ሥር ተደብቆ ነው የሚገኘው። የባለሙያው ዲቲ ላይ ያገኘሁት ይህንኑ ነው። ፋሸታው ከልክ በላይ ተጠብቆ ጎማውን እንደ ቢላ ቆርጦታል። ፀጉር የምታህል መስመር ናት። ስትታጠፍ ግን የጥፍሬን ጫፍ አስገባሁባት። መስመሯ ዙሪያ ቀይ አፈር ተጋግሯል፣ እርጥብ ጎማ ላይ የተለጠፈ የገጠር መንገድ አቧራ። ያንን ካያችሁ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፣ አየር በዚያ ሲገባ ነው አቧራው እዚያ የተከማቸው።

በዓይንም በጣትም ካልተገኘ መለየት ነው። ቱቦውን ከማኒፎልዱ ንቀሉትና ማኒፎልዱ ላይ የቀረውን አፍ ድፈኑት። አደፋፈኑ ላይ አትሳሳቱ። በፌስታል የተጠቀለለ እንጨት እየሰኩ የሚሄዱ አይቻለሁ፣ እንጨቱ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ ያኔ ከስንጥቁ የባሰ ቀዳዳ ይከፈታል። አጭር ጤነኛ የቤንዚን ቱቦ አፉ ላይ ግጠሙ፣ ሌላኛው ጫፍ ውስጥ ልሙጥ ብሎን አስገቡ፣ ሁለቱንም በፋሸታ እሰሩ። አስነሱና ሞክሩ። ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ ጠርሙሷ ወይም ቱቦዋ ላይ ነው። ካልጠፋ ጠርሙሷን በከንቱ አትውቀሷት፣ ሌላ ቦታ ነው። ይህ አንድ ሙከራ 15 ደቂቃ አይፈጅም፣ ስንቱን ፒስተን ባዳነ ነበር።

ጠርሙሷን ራሷን ለመፈተሽ የጎማ ቀዳዳ እንደሚፈለገው ነው። ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከሯት፣ በቱቦው በአፋችሁ እፍ በሉባት። መጀመሪያ የቤንዚኑን ሽታ አስወጡ፣ ቱቦውንም ጥረጉት። አረፋ የወጣበት ቦታ ስንጥቁ ነው። በኮምፕሬሰር እንዳትሞክሩ፣ ስስ ፕላስቲክ ናት፣ ትፈነዳለች። ስትጨርሱ በደንብ አድርቋት፣ ውስጧ የቀረ ውሃ ቀጥታ ሞተር ነው የሚገባው። በነገራችን ላይ ስትከፍቷት ውስጧ ትንሽ ቅባት ካገኛችሁ አትደንግጡ፣ ድብልቁ ሲገባና ሲወጣ የሚተወው ነው። ፈሳሽ ከተጠራቀመባት ግን አቀማመጧን እዩ። ከማኒፎልዱ ዝቅ ብላ ከታሰረች ቤንዚንና ዘይት ይጠራቀምባታል፣ ዳገት ላይ ስታዘነብል ድንገት ይደፋና ሞተሩ በጢስ ይታፈናል። ቱቦው ታንኩ ሥር ተጣጥፎ ከተቀበረ ደግሞ ኩሬው ተዘጋ ማለት ነው፣ አደጋ የለውም፣ ጥቅም ብቻ ነው የሚጠፋው።

አንድ ልምድ አለ፣ በጣም የምጠላው። ሞተሩ እየሠራ ቤንዚን በሲሪንጅ ማኒፎልዱ ላይ እየረጩ ዙሩ ሲቀየር «አገኘሁት» ማለት። ዘዴው ራሱ ስንጥቅ ያገኛል። ግን የጋለ ማርሚታ (የጢስ ማውጫ) አጠገብ ቤንዚን መርጨት ነው፣ የካንዴላው ገመድ ካፈሰሰ ደግሞ እሳቱ እዚያው ነው። ውሃ በመርጫ ተጠቀሙ፣ በትንሽ በትንሹ። ወይም መገጣጠሚያውን በግራሶ ለብጡት። ስንጥቁ ሲደፈን ሚኒሞው ይለወጣል፣ ያው መልስ ታገኛላችሁ።

ጠርሙሷ ነፃ ከወጣች ተራው የማኒፎልዱ ጎማ ነው። እሱንም እጠፉት፣ ከብረቱ ጋር የተጣበቀበትን መስመር በተለይ እዩ። ቀጥሎ ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም በመገጣጠሚያው መሀል ያለው ማሸጊያ። ቀጥሎ ሪዱ፦ አውጥታችሁ ወደ ብርሃን አዙሩት፣ ቅጠሎቹ ተዘግተው በመሀል ብርሃን ሰፋ ብሎ ከታየ ወይም የአንዱ ጫፍ ከተቆረሰ ቀይሩት። ቤንዚን በካርብሬተሩ በኩል ወደ ፊልትሮው የሚተፋ ሞተር ብዙ ጊዜ የሪድ ችግር ነው ያለበት። ይህም ሁሉ ደህና ከሆነ የክራንኩ ፓራሊዮ፣ ማለትም ዘንጉ ላይ አየር እንዳያልፍ የሚያግደው ጎማ፣ ይቀራል፣ እሱን ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

መንገድ ላይ ስትሆኑ መሣሪያ የለም። ያኔ ቾኩ መርማሪያችሁ ነው። ዳገቱ ላይ ማመንታት ስትጀምር ቾኩን ግማሽ ሳቡት። ነፍስ ከዘራች ቤንዚን አንሷታል፣ አየር እየገባ ነው ወይም የቤንዚን መንገዱ ተደፍኗል። ከባሰባት በዝቶባታል። ቾክ ስቦ መሄድ ግን መድኃኒት አይደለም። ጥላ ፈልጉ፣ ቁሙ፣ ትብረድ።

ጥገናው ርካሽ ነው። ቤንዚን የሚችል፣ ግድግዳው ወፈር ያለ፣ የውስጡ ስፋትና ርዝመቱ ከድሮው ጋር እኩል የሆነ ቱቦ። የውሃ ቱቦ አይሆንም፣ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ከከመነዳሪ ተቆርጦ የተጠቀለለ ጎማም አይሆንም። አንዴ ደግሞ ጠርሙሷ ተሰብራ በቦታዋ የውሃ ሃይላንድ የታሰረባት ሞተር አጋጥማኛለች። ሃይላንዱ ሞተሩ በሳበ ቁጥር ጭብጥ፣ ፈታ፣ ጭብጥ፣ ፈታ ይል ነበር። ቀጭን ፕላስቲክ፣ ውስጡ የቤንዚን ትነት፣ ከጋለ ሲሊንደር አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ዋናው ጠርሙስ ካልተገኘ አፉን ደህና አድርጋችሁ ድፈኑትና ያለሷ ንዱ። በዝቅተኛ ዙር ትንሽ ትቆራረጥ ይሆናል፣ ሞተሩ ግን አይጎዳም። የምታፈስ ጠርሙስ ከምትኖር ባትኖር ይሻላል።

ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ ደጋ ላይ ጢስ ጨመር ካለ አትደናገጡ፣ ተሸፍኖ የነበረው የከፍታው ትርፍ ቤንዚን ነው የታየው። ከደጋ የማይወርድ ሰው የካርብሬተሩን መርፌ አንድ ደረጃ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ቆላና ደጋ የሚመላለስ ሰው ግን ለቆላው አስተካክሎ የደጋውን ትንሽ ጢስ ቢችለው ይሻለዋል። ቤንዚን ሲበዛ የሚበላሸው ካንዴላ ነው፣ ሲያንስ ፒስተን።

የባለሙያውን ዲቲ ሲሊንደር አስጠርቤ፣ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ቀይሬ፣ አንድ ስንዝር የማይሞላ ቱቦ ገጠምኩለት። አዲስ ፒስተን ነውና ቀስ ብሎ እንዲያላምደው ነገርኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከዓባይ ድልድይ ማዶ ዳገቱን ጀምሮ፣ ጥላ ሥር ቆሞ ደወለልኝ። «እጀታውን ስለቅ ዝም ትላለች» አለኝ። «ዝም ማለቷን ተወው፣ ሲበርድ ካንዴላውን ፍታና ቀለሙን ንገረኝ» አልኩት። ስልኩ ሳይዘጋ ቆየ፣ የቁልፉ ድምፅ ይሰማኛል።

«ቡና» አለኝ።